ሐረጎን ስትወጣ ስንት ትጠጣለች?

ተረት ተረት። የላም በረት ብላችሁ ልትመልሱልኝ አፋችሁን እንደከፈታችሁ አውቃለሁ፤ ቆዩኝ። የዚህ ተረት በረት የመኪና መሸጫ ግቢ ነው፤ የታሰሩት ላሞችም አራት አራት ጎማ አላቸው፤ የሚጠጡትም ውሃ ሳይሆን ቤንዚን ነው። ታዲያ ስንት ይጠጣሉ? ነገሩ ሁሉ የሚዞረው በዚህች ጥያቄ ላይ ነው።

ደሴ ውስጥ ሰዓዳ እንድሪስ የምትባል ሴት ነበረች። ሠላሳ አንድ ዓመት ማደያ ውስጥ ነዳጅ ስትቀዳ ኖራ ጡረታ ወጥታለች። የራሷ መኪና ኖሯት አያውቅም፤ የከተማውን መኪና ጠባይ ግን ከባለቤቶቹ በላይ ታውቀዋለች። የትኛው በሳምንት ሦስቴ እንደሚመለስ፣ የትኛው በወር አንዴ ብቅ እንደሚል፣ የትኛው ሰውዬ ትንሽ ቀድቶ ብዙ እንደሚያወራ፣ ሁሉም በልቧ ተጽፏል። መንጃ ፈቃድ ካወጣችም ዐሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ሾፌሮች ሰልፍ አስይዘው ሻይ ሊጠጡ ሲሄዱ መኪናቸውን ወደ ፊት የምታስጠጋላቸው እሷ ነበረች። ያ ሁሉ ሃምሳ ሃምሳ ሜትር ቢደማመር አዲስ አበባ ደርሳ ተመልሳለች፤ ዋጋ ቢስ ሾፌር እንዳትመስላችሁ።

ደግሞ ኩሩ ናት። የተሸኘች ዕለት የማደያው ሥራ አስኪያጅ አቶ ሲሳይ ጃንጥላ ሸለማትና ለቀልድ ያህል፣ ድሮም የሚቀዳው ማሽኑ ነው፣ ሰው ቱቦ መያዣ ነው አለ። ሠራተኛውም ሰልፈኛውም ሳቀ። ሰዓዳ አልሳቀችም። ጃንጥላውን ወንበሩ ላይ መልሳ አስቀመጠችና ሁሉም እየሰማ እንዲህ አለች፦

«ከእንግዲህ እዚህ ግቢ የምገባው መሪ ይዤ ነው። በእግሬ አታዩኝም።»

ይኸው ሁለት ዓመት፣ በማደያው በኩል ስታልፍ መንገድ ተሻግራ በወዲያኛው ጥግ ነው የምትሄደው።

አሁን የምትፈልገው አንዲት ነገር ናት፦ ትንሽ የምትጠጣ፣ ዳገት የማትፈራ፣ ወንበሯ ዝቅ ያለ አንዲት አውቶሞቢል። ዝቅ ያለ ያልኩት ለጌጥ አይደለም። ታላቅ እህቷ ሐዋ ጉልበቷን ታማ በሳምንት ሁለት ቀን ኮምቦልቻ እየወረደች እግሯን የሚያፍታቱላት ሐኪም ቤት ትታከም ነበር። የሚኒባስ መርገጫ ከፍ ይላል፤ የሐዋ እግር ደግሞ ያን ያህል አይነሣም። አንድ ቀን ረዳቱ ቸኩሎ በብብቷ ያዘና እንደ ኩንታል ብድግ አድርጎ አስገባት፤ ከኋላ የተቀመጡት ሳቁ። ሐዋ ከዚያች ቀን ወዲህ ከቤት አልወጣችም። ሁለት ወር ሆናት። ሐኪሙም ከዚህ በላይ ከቀረች ጉልበቷ እንደታጠፈ ይቀራል ብሎ ላከ። ነዳጅ ደግሞ በወረፋና በልክ ነው የሚሰጠው፤ ብዙ የምትጠጣ መኪና ብትገዛ ሐኪም ቤት በምትሄድበት ቀን ደጅ ቆማ ትውላለች።

ሰዓዳ ቅዳሜ ጠዋት ወደ መኪና ሻጩ ወደ ኑርዬ ግቢ ሄደች። ሁለት ትንንሽ አውቶሞቢሎች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ አንዷ ሰማያዊ፣ አንዷ ነጭ። ሰማያዊዋ ታብረቀርቃለች፤ ነጯ ግንባሯ ላይ ጭረት አለባት። ኑርዬ ሰማያዊዋ በሊትር ሃያ ሁለት ኪሎ ሜትር ትሄዳለች፣ ነጯ ሃያ ትሄዳለች አላት። ሰዓዳ ከየት ወደ የት እንደለካ ጠየቀችው። ከደሴ ኮምቦልቻ ነው አለ። ግቢው ውስጥ የቆመ አንድ አስተማሪ የራሱ መኪና ሃያ አምስት እንደምትሄድ ሳይጠየቅ ተናገረ፤ እሱም የለካው ከደሴ ኮምቦልቻ ነው።

እዚህ ላይ አገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። ከደሴ ኮምቦልቻ ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ነው፤ መንገዱ በሐረጎ በኩል እየተጠማዘዘ ቁልቁል ይወርዳል። ድንጋይ ብትለቁት እንኳ ነዳጅ ሳይፈልግ ኮምቦልቻ ይደርሳል። የደሴ ሰው ታዲያ መኪናውን የሚለካው ሲወርድ ነው። ሲወጣ ሙዚቃ ከፍቶ ይወጣል እንጂ ለክቶ አያውቅም። በዚህ የተነሣ በደሴ ብዙ የሚጠጣ መኪና የለም፤ በወሬ።

ሰዓዳ ሁሉንም ሰማችና ለኑርዬ እንዲህ አለችው፦

«ሲወርዱማ ሁሉም ጾመኞች ናቸው። እኔ ሲወጡ ልያቸው።»

ሐሳቧ ቀላል ነው። ሁለቱም መኪኖች ኮምቦልቻ ወርደው ታንካቸው አፍ ድረስ ይሞላል። ሐረጎን ይወጣሉ። ደሴ ሲደርሱ እንደገና አፍ ድረስ ይሞላሉ። በሁለተኛው ላይ የገባው ሁሉ በዳገቱ የጠጡት ነው። ኑርዬ ነገሩ ገባው፤ ግን ቁልፉን አልዘረጋም። ባለፈው ዓመት አንድ ገዢ ልሞክር ብሎ ወስዶ ፍሪሲዮን አቃጥሎ መልሶለታል፤ ከዚያ ወዲህ መካኒኩ ካሳዬ አብሮ ካልሄደ ቁልፍ ከእጁ አይወጣም። ደግሞ ቶሎ በይ አላት፤ ዐሥር ሰዓት ላይ ከሚሌ አንድ ገዢ ይመጣል፣ እስከዚያ ካልመረጥሽ ምርጫው የሱ ነው።

እንግዲህ ካሳዬ ካልመጣ ቁልፍ አይሰጥም፤ ቁልፍ ካልተሰጠ መኪና ሐረጎን አትወጣም፤ ሐረጎን ካልወጣች ስንት እንደምትጠጣ አይታወቅም፤ ይህ ካልታወቀ ሐዋ ከቤት አትወጣም።

ሰዓዳ ወደ ካሳዬ ጋራዥ ሄደች። ካሳዬ አንድ የጭነት መኪና ሥር ተኝቷል፤ የሚታየው ጫማው ብቻ ነው። ሰዓዳም ከጫማው ጋር ተነጋገረች። ጫማው እንዳለው ከሆነ ከላይ አንድ ትልቅ ብረት በእጁ ደግፎ ይዟል፤ ብረቱን የሚያስረው ብሎን ተሰብሮ፣ አምሳያው እንዲቀረጽ ቶርኖ ቤት ተልኳል፤ አዲሱ ብሎን እስኪመጣ ቢለቀው ፊቱ ላይ ይወርዳል። ቢወጣ ደስታው ነበር፤ ግን አይወጣም።

ብሎኑ ካልመጣ ካሳዬ አይወጣም፤ ካሳዬ ካልወጣ ቁልፍ አይሰጥም፤ ቁልፍ ካልተሰጠ መኪና ሐረጎን አትወጣም፤ ሐረጎን ካልወጣች ስንት እንደምትጠጣ አይታወቅም፤ ይህ ካልታወቀ ሐዋ ከቤት አትወጣም።

ሰዓዳ ወደ ቶርኖ ቤቱ ሄደች። ባለ ቶርኖው ብረቱን አስሮ፣ ማሽኑን አዘጋጅቶ ቁጭ ብሏል። ምን ትጠብቃለህ ስትለው መነጽሩን አሳያት፤ አንዱ ጆሮ ማንጠልጠያው ወልቋል። የብሎኑን ጥርስ ያለ መነጽር ማየት አይችልም፤ መነጽሩን በእጄ ልያዝ ቢልም ቶርኖ ሁለት እጅ ይፈልጋል፤ ሦስተኛ እጅ ከየት ላምጣ አላት። የመነጽሩን ሚጢጢ ብሎን የሚገጥምለት ሰዓት ጠጋኙ አያ ይመር ናቸው፤ የሳቸው ሱቅ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ዝግ ነው።

መነጽሩ ካልተጠገነ ቶርኖው አይዞርም፤ ቶርኖው ካልዞረ ብሎኑ አይመጣም፤ ብሎኑ ካልመጣ ካሳዬ አይወጣም፤ ካሳዬ ካልወጣ ቁልፍ አይሰጥም፤ ቁልፍ ካልተሰጠ መኪና ሐረጎን አትወጣም፤ ሐረጎን ካልወጣች ስንት እንደምትጠጣ አይታወቅም፤ ይህ ካልታወቀ ሐዋ ከቤት አትወጣም።

መነጽሩን ይዛ ወደ አያ ይመር ሄደች። አያ ይመር አልታመሙም፣ አልቀሩም፤ ከገዛ ሱቃቸው ፊት ለፊት ቁልፋቸውን ይዘው ቆመዋል። ሱቃቸው የቆርቆሮ ናት፤ በሯ ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው። በበሩ ላይ ደግሞ አንዲት አህያ ሁለት ጆንያ ገብስ እንደተጫነች ተኝታለች። ሰዓዳ አንገቷን ሳበች፤ አህያዋ ዓይኗን ጨፈነች። ከኋላዋ ገፋች፤ አህያዋ ጭራዋን አንዴ ወዘወዘች፣ በቃ። ያን ሁሉ ዓመት መኪና ስታስጠጋ እንዲህ ያለ ፍሬን አይታ አታውቅም።

አህያዋ ካልተነሣች በሩ አይከፈትም፤ በሩ ካልተከፈተ መነጽሩ አይጠገንም፤ መነጽሩ ካልተጠገነ ቶርኖው አይዞርም፤ ቶርኖው ካልዞረ ብሎኑ አይመጣም፤ ብሎኑ ካልመጣ ካሳዬ አይወጣም፤ ካሳዬ ካልወጣ ቁልፍ አይሰጥም፤ ቁልፍ ካልተሰጠ መኪና ሐረጎን አትወጣም፤ ሐረጎን ካልወጣች ስንት እንደምትጠጣ አይታወቅም፤ ይህ ካልታወቀ ሐዋ ከቤት አትወጣም።

ባለ አህያዋ ሴት ጥላ ሥር ተቀምጣለች፤ ሌሊት ዘንቦ ስለነበር ጫማዋ ጭቃ ብቻ ነው። ጆንያውን አራግፊው ብትባል ጭቃ ላይ የወረደ ገብስ ገብስ አይባልም አለች። ምቺያት ብትባል ደግሞ ተቆጣች፤ አህያዋ ጥፋት የለባትም፣ ልማድ ነው ያላት። ሁልጊዜ ወፍጮ ቤት ስትመጣ ተራዋ እስኪደርስ እዚህ ትተኛለች፤ ወፍጮው ቱክ ቱክ ብሎ ሲነሣ ግን ጭነቷ የሚወርድበት ሰዓት መድረሱን ታውቅና ማንም ሳይነካት ትነሣለች። ዛሬ ወፍጮው አልጮኸም። ስለዚህ እሷም አልተነሣችም።

ወፍጮው ካልጮኸ አህያዋ አትነሣም፤ አህያዋ ካልተነሣች በሩ አይከፈትም፤ በሩ ካልተከፈተ መነጽሩ አይጠገንም፤ መነጽሩ ካልተጠገነ ቶርኖው አይዞርም፤ ቶርኖው ካልዞረ ብሎኑ አይመጣም፤ ብሎኑ ካልመጣ ካሳዬ አይወጣም፤ ካሳዬ ካልወጣ ቁልፍ አይሰጥም፤ ቁልፍ ካልተሰጠ መኪና ሐረጎን አትወጣም፤ ሐረጎን ካልወጣች ስንት እንደምትጠጣ አይታወቅም፤ ይህ ካልታወቀ ሐዋ ከቤት አትወጣም።

አምስት ሰዓት ሊሆን ነው። ሰዓዳ እግሯ እየዛለ ወፍጮ ቤት ገባች። ባለ ወፍጮው ባዶ በርሜል ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ወፍጮው የሚሠራው በናፍጣ ነው፤ ናፍጣው አልቋል። የወፍጮ ቤት የፈቃድ ወረቀቱን ይዞ ከንጋት ጀምሮ ማደያ ተሰልፎ ነበር። ማደያው ውስጥ ናፍጣ ሞልቷል፤ የማይሞላው ፓምፑ ነው። ሦስት ቁጥር ፓምፕ እንቢ ብሏል።

ሰዓዳ ሦስት ቁጥር ሲባል ስትሰማ ልቧ ዘለለ። የትኛው ማደያ እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋትም። ያቺ ፓምፕ የናፍጣ ፓምፕ ናት፤ አሮጊት ናት፤ ዝናብ ባደረ ቁጥር ታኮርፋለች። ቱቦዋን መልሶ መስቀል፣ እስከ ሃያ መቁጠር፣ ከዚያ ቀስ ብሎ አንሥቶ ከታች በኩል ሆዷን በጉልበት ደገፍ አድርጎ መያዝ ያስፈልጋል፤ ኡፍ ብላ እስክትተነፍስ። ስትተነፍስ ትቀዳለች። ሰዓዳ ይህን ለአቶ ሲሳይ ስንት ጊዜ ነግራዋለች። ማሽን ነው፣ ጠጋኝ ይመጣል ይላት ነበር። አሁን ጠጋኙ ከአዲስ አበባ የሚደርሰው ማክሰኞ ነው።

ባለ ወፍጮውም ጨምሮ አንድ ነገር ነገራት። አቶ ሲሳይ ጠዋት ፓምፗን ሲዞራት ቆይቶ፣ ሰዓዳ ብትኖር ኖሮ ብሏል፤ ሰልፈኛው ሁሉ ሰምቷል። ሰዓዳ ደስ አላት። ደስ ማለቷም አበሳጫት። ይህን ቃል ለመስማት ሁለት ዓመት ጠብቃለች፤ አሁን ስትሰማው ግን የምትገባበት መኪና የላትም።

እንደ ምንም ብላ መላ ፈጠረች። ለባለ ወፍጮው ዘዴውን አንድ በአንድ አስረዳችውና ሂድ ንገራቸው አለችው። ሄደ። እሷ ከመንገዱ ማዶ፣ ሁለት ዓመት ከተጓዘችበት ጥግ ላይ ቆማ አየች። አዲሷ ቀጂ ስንዱ ቱቦውን ሰቀለች፣ ቆጠረች፣ አነሣች። በጉልበቷ ደገፈች። ፓምፗ ዝም። አቶ ሲሳይ ራሱ መጥቶ በጉልበቱ ደገፈ፤ ሱሪው ቆሸሸ እንጂ ናፍጣ አልመጣም። የቱ ላይ እንደሚደገፍ ጉልበት ካልለመደው በወሬ አይነገርም።

ሰዓዳ መንገዱን አየችው። ስምንት እርምጃ አይሆንም። በእግሯ ከተሻገረች ያን ቀን የሳቁት ሁሉ ዛሬ እንደገና ይስቃሉ፤ መሪሽ የት አለ ይሏታል። ካልተሻገረችስ?

ካልተሻገረች ፓምፗ አትታረቅም፤ ፓምፗ ካልታረቀች ናፍጣ አይቀዳም፤ ናፍጣ ካልተቀዳ ወፍጮው አይጮኽም፤ ወፍጮው ካልጮኸ አህያዋ አትነሣም፤ አህያዋ ካልተነሣች በሩ አይከፈትም፤ በሩ ካልተከፈተ መነጽሩ አይጠገንም፤ መነጽሩ ካልተጠገነ ቶርኖው አይዞርም፤ ቶርኖው ካልዞረ ብሎኑ አይመጣም፤ ብሎኑ ካልመጣ ካሳዬ አይወጣም፤ ካሳዬ ካልወጣ ቁልፍ አይሰጥም፤ ቁልፍ ካልተሰጠ መኪና ሐረጎን አትወጣም፤ ሐረጎን ካልወጣች ስንት እንደምትጠጣ አይታወቅም፤ ይህ ካልታወቀ ሐዋ ከቤት አትወጣም።

ሐዋ ከቤት አትወጣም የሚለው ላይ ስትደርስ እግሯ ቀድሟት አስፋልቱ መሐል ነበር። የሐዋ ኩራት ሚኒባስ ውስጥ ሲሳቅበት ሰዓዳ አልነበረችም፤ ብትኖር ምን እንደምታደርግ ሁለት ወር ሙሉ ስታስብ ነው ያደረችው። ዛሬ ማድረግ የምትችለው ይኸው ነው፤ የራሷን ኩራት ለአንድ ቀን ዝቅ አድርጋ መሻገር።

ሰልፈኛው ዞሮ አያት። አንድም ሰው አልሳቀም። አቶ ሲሳይ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ።

«እትዬ ሰዓዳ» አላት፣ «በእግርሽ መጣሽ?»

«መኪናዬ እንድትመጣ እኔ መቅደም ነበረብኝ» አለችው።

ከዚያ ወደ ሦስት ቁጥር ሄደች። ቱቦዋን ሰቀለች። እስከ ሃያ ቆጠረች። ቀስ ብላ አነሣች፤ ጉልበቷን ሁለት ዓመት ያልረሳው ቦታ ላይ አሳረፈች። ፓምፗ ትንሽ አጉረመረመች፣ ኡፍ አለች፣ ቁጥሯም መሮጥ ጀመረ። ሰልፈኛው አጨበጨበ። ሰዓዳ ፊቷን ወደ ፓምፗ እንዳዞረች ቆየች፤ እንባዋን ለማንም ማሳየት አልፈለገችም።

አቶ ሲሳይ ሰልፈኛው ፊት ነው ያን ቀን የቀለደው፤ አሁንም ሰልፈኛው ፊት ቆመ። ያ ንግግሩ ስሕተት እንደነበር፣ ማሽኑ ብቻውን እንደማይቀዳ ዛሬ ሱሪውም እጁም እንደመሰከረ ተናገረ። ሰዓዳ ስንዱን ጠርታ የልጅቷን ጉልበት በገዛ እጇ ይዛ ቦታውን አሳየቻት። ከሰዓት ሁለት መኪና ይዛ እንደምትመጣ፣ ወረፋዋን ጠብቃ እንደምትገባ፣ ልኩ የሷ ጉዳይ ስለሆነ ራሷ እንድትቀዳ እንዲፈቀድላት ጠየቀች። አቶ ሲሳይም ተፈቅዷል አለ።

ከዚያማ ምን ቀረ! ፓምፗ ታረቀች፤ ናፍጣው ተቀዳ፤ ወፍጮው ቱክ ቱክ አለ፤ አህያዋ ጆሮዋን አቆመች፣ አካሏን አራገፈች፣ ማንም ሳይነካት ተነሣች፤ አያ ይመር በራቸውን ከፈቱ፤ መነጽሩ ተጠገነ፤ ቶርኖው ዞረ፤ ብሎኑ መጣ፤ ብረቱ ታሰረ፤ ካሳዬ ከጭነት መኪናው ሥር ወጣ፣ ፊትም እንዳለው ታወቀ፤ ኑርዬ ቁልፉን ሰጠ። ቀረች ሐረጎ፤ ቀረች ሐዋ።

ካሳዬና ኑርዬ ሁለቱን መኪኖች ኮምቦልቻ አወረዱ። የሁለቱም ታንክ አፍ ድረስ ተሞላ፤ ሰዓዳ ጎንበስ ብላ ሁለቱንም በዓይኗ አረጋገጠች። ሰማያዊዋን ካሳዬ ያዘ፤ ነጯን እሷ ያዘች። ኑርዬ ከሷ ጎን ተቀመጠ። ክብደቱ እኩል ካልሆነ ፈተናው ፈተና አይደለም ስላለች አያ ይመር ከካሳዬ ጎን ተቀመጡ፤ ሱቅ መልሰው ዘግተው ነው የመጡት፤ ሰዓት እይዛለሁ ነው ምክንያታቸው። ሐረጎን ጀመሩ። ሰማያዊዋ ፈጥና ቀደመች፤ መታጠፊያው ሁሉ ላይ ድምፅዋ ይሰማል። ነጯ ድምፅም አልነበራት፤ በሁለተኛ ማርሽ፣ በሦስተኛ ማርሽ፣ እንደ ለመደ ገበሬ ዳገቱን ቀስ ብላ ትበላው ነበር። ሰዓዳ ከሃምሳ ሜትር በላይ የራሷን መንገድ ስትነዳ የመጀመሪያዋ ነው። የሐረጎ ጉም ገለጥ ሲል ከታች ኮምቦልቻ ታየች። ኑርዬ በጭንቅ በሩን ይዞ ነበር፤ ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ለቀቀው።

ማደያው ጋ ሲደርሱ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነበር። ወረፋቸውን ጠበቁ። ሰዓዳ መሪ ይዛ ገባች። ከሁለት ዓመት በፊት ያለችውን ያስታወሰ አንድ የታክሲ ሾፌር ጡሩንባ ነፋላት፤ ከኋላ ያሉትም ተከትለው ነፉ። ሰዓዳ ወረደችና ቱቦውን አነሣች። መጀመሪያ ሰማያዊዋን ሞላች። አቶ ሲሳይ ቁጥሩን ጮክ ብሎ አነበበ፤ ሦስት ሊትር ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት አፍ ላይ ደረሰ። ቀጥላ ነጯን ሞላች። ሁለት ሊትር አልሞላም።

ኑርዬ ሃያ ሁለት ያለውን አስታውሶ አንገቱን አከከ። ሰዓዳ ቱቦውን ቦታው ሰቅላ ክዳኑን ገጠመች።

«ነጯን» አለች።

የሚሌው ገዢ ዐሥር ሰዓት ላይ መጣ። ሰዓዳ ሰማያዊዋ በዳገት ምን ያህል እንደጠጣች ሳትደብቅ ነገረችው፤ እሱ ግን አገሩ ሜዳ ነው፣ ሜዳ ላይ ቀለም ነው የሚታየው ብሎ ስቆ ወሰዳት። ሁለቱም የሚፈልጉትን አገኙ።

ሰኞ ጠዋት ነጯ መኪና የሐዋ ደጅ ላይ ቆመች። ሰዓዳ ልትደግፋት እጇን ዘረጋች። ሐዋ የተዘረጋውን እጅ ገፋችው። መጀመሪያ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች፤ ወንበሩ ከቤቷ በርጩማ አይበልጥም። ከዚያ አንዱን እግር አስገባች፤ ከዚያ ሌላውን በሁለት እጇ ጎተት አድርጋ አስገባች። በሩን ራሷ ዘጋችው፤ ለጆሮ የሚበዛ አዘጋግ ነበር። ሰዓዳ በሩ ይሰበራል አላለችም።

ሐረጎን እየወረዱ ሐዋ ስለ አህያዋ ሁለት ጊዜ አስነገረቻት፤ ሁለት ጊዜም ሳቀች። ከዚያ የደሴ ሰው ናትና ጠየቀች፦

«ሰዓድዬ፣ ይህን ስንወርድ ስንት ጠጣች?»

«መውረዱን አልለካም፣ እታለም» አለች ሰዓዳ። «ስንመለስ ጠይቂኝ።»

ሐኪም ቤቱ በር ላይ ጥበቃው ሐዋን ሲያያት ሮጦ መጣ፤ እንደ ድሮው ሊያነሣት በሩን ከፈተና ጎንበስ አለ።

«ተው ልጄ» አለችው ሐዋ። እግሯን አንድ በአንድ አወጣች፣ የበሩን ጠርዝ ይዛ ቀጥ ብላ ቆመች፤ ጥበቃውን አየችው፣ ከዚያ መኪናዋን። «ዛሬ በእህቴ መኪና ነው የመጣሁት። የምነሣው ራሴ ነኝ።»

እኔም ተረቴን አፍ ድረስ ሞልቼላችኋለሁ፤ ክዳኑን እናንተ ግጠሙ። ደሴ ከሄዳችሁ ደግሞ በአያ ይመር ሱቅ በር ላይ የምትተኛ አንዲት አህያ ታገኛላችሁ። ሰኞና ዓርብ አንዲት ነጭ አውቶሞቢል አጠገቧ ቆም ብላ አንድ እፍኝ ገብስ ትሰጣታለች፤ መንገድ ልቀቁላት።